ከቀላውዴዎስ እስከ ገላውዴዎስ

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አባታቸውን ዐፄ ልብነ ድንግልን ተክተው ሲነግሡ የያዙት ስም ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የአንድ የሮማ ዘር መለያ ነበር። ዜና መዋዕሉን ስናነብ እንደ አገር ቤት ስም አልፈነው እንሄዳለን፤ የመጣበት መንገድ ግን ሊተረክ የሚገባው ነው።

ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደሚለው፣ አቱስ ክላውሱስ የተባለ የሳቢናውያን ባላባት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ504 ጭፍሮቹን አስከትሎ ሮማ ገባ። መሬት ተሰጠው፣ ከመኳንንቱ ተቆጠረ፣ ስሙም በሮማውያን አንደበት አፒዮስ ቀላውዴዎስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀላውዴዎስ መባል የዚያ ቤት ልጅ መሆን ነው። ቤቱ በኩራቱ የታወቀ ነበር። ከልደት በፊት በ249 ፑብሊዮስ ቀላውዴዎስ በሲሲሊ ጠረፍ ከካርታጎ መርከቦች ጋር ሊገጥም ሲል፣ የአማልክት ፈቃድ የሚታይባቸው የተቀደሱ ዶሮዎች እህል አልበላ አሉ። መጥፎ ምልክት ነበር። እሱ ግን መብላት እንቢ ካሉ ይጠጡ ብሎ ወደ ባሕር አስጣላቸው ይባላል፤ ውጊያውንም ተሸነፈ። ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ስዌቶንዮስ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፦ ሉኪዮስ የተባሉ ሁለት የዘሩ ሰዎች አንዱ በውንብድና፣ ሌላው በነፍስ ግድያ ስለተፈረደባቸው፣ ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ልጁን ሉኪዮስ ብሎ መሰየም ተወ።

በስሙ ዙሪያ የነበረውን አጥር ያፈረሰው የሮማ ልማድ ራሱ ነው። ነጻ የወጣ ባሪያ የጌታውን የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ዜግነት ያገኘ የውጭ ሰውም ብዙውን ጊዜ ዜግነቱን የሰጠውን ሰው ስም ይወስዳል። ከ41 እስከ 54 የገዛው ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ዜግነትን በሰፊው ስላደለ ስሙ በየአውራጃው ተበተነ። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ያውቀዋል፤ ጳውሎስን በኢየሩሳሌም የያዘው ሻለቃ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ነው። ሉስዮስ የግሪክ ስም ነው፤ ዜግነቱንም በብዙ ገንዘብ እንደገዛ ለጳውሎስ በአፉ ነግሮታል። ቀላውዴዎስ የሚለው እንግዲህ ከአባቶቹ ያልወረሰው፣ ከዜግነቱ ጋር ያገኘው ስም መሆን አለበት። በሁለት ወንጀለኞች ምክንያት አንድ መጠሪያ እርግፍ አድርጎ የተወ ቤት፣ ዋናውን ስሙን ከገንዘብ ከፋይ እንግዳ ሊያስጥል አልቻለም። በእኔ ዓይን የሮማ ግዛት ምን ያህል እንደተለወጠ ከብዙ የጦርነት ታሪክ ይልቅ ይህ ያሳያል።

የንጉሠ ነገሥቱ ቤት በ68 በኔሮን ሞት አከተመ። ስሙን ይዘው የቀጠሉት የነጻ ወጪዎቹና የአዲሶቹ ዜጎች ልጆች ናቸው።

ወደ እኛ ያመጣው ደግሞ ሰማዕት ነው። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ተሠዋ የሚባለው የአንጾኪያው ቅዱስ ገላውዴዎስ በግብጽ ቤተ ክርስቲያንም በእኛም ይከበራል፤ መታሰቢያው ሰኔ 11 ነው። እኛ ዘንድ ስሙ የዘር መሆኑ ቀርቶ የቅዱሱ መጠሪያ ሆነ፤ የየትኛውም ቤት ልጅ ሊጠራበት ይችላል።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ከካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር በነበረው ክርክር የኢትዮጵያን ሃይማኖት የሚያስረዳ ምስክርነት በግእዝ ጻፉ። ሰነዱን ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ሲያሳትመው፣ የላቲኑ ርዕስ የኢትዮጵያን ንጉሥ «ክላውዲዩስ» ብሎ ጠራቸው። ለሮማ ጳጳስ አልገዛም ያሉት ንጉሥ በአፒዮስ ዘር ስም፣ በሮማውያን ቋንቋ ለአውሮፓ አንባቢ ቀረቡ።