ጢስ፣ ውሃና የተሰወሩ ልጆች፦ የብርድ ወራት በዓላትና የሚፈሩ ቦታዎች በሰሜን ሸዋ

በ1843 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ታተሙ። አንደኛው የቻርልስ ዲከንስ የገና ታሪክ ነው። አንድን ስስታም ነጋዴ የሞተ ሸሪኩ በገና ዋዜማ መጥቶ ሲያስጨንቀው ይተርካል። ሁለተኛው ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚስዮናውያን በሸዋ ሳሉ የያዙት የዕለት ማስታወሻ ሲሆን፣ በ1839 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ በአንኮበር ስለ ዛር የሰሙትንም አስፍሯል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የእንግሊዞችን የገና ሰሞን የመንፈስ ወግ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ሁለተኛውን ከተመራማሪ በቀር የሚያነሳው እምብዛም ነው። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በለንደን የሚመጣው የሞተ ሰው ነው። በአንኮበር የሚመጣው ሞቶ የማያውቅ ነው።

የሰሜን ሸዋ የብርድ ወራት በዓላት ትርጉም ከዚህ ልዩነት ውጭ በቅጡ አይገባም። የብርድ ወራት ያልኩት ክረምቱን አይደለም፤ ቡሄና ችቦው፣ ጅራፉና ሙልሙሉ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጭ የሚጋገረው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ኅዳር 12 ቆሻሻ ይታጠናል፣ ታኅሣሥ 29 ገና ይከበራል፣ ታቦት ከዋዜማው ውሃ ወርዶ ጥር 11 ጥምቀት ይውላል። እነዚህን በዓላት አንዳንዶች «ክርስትና የለበሰ ጥንታዊ አምልኮ» ይሏቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከባዕድ አምልኮ ጋር ምንም ንክኪ የላቸውም ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም አባባል ነገሩን ያሳጥረዋል። በእኔ ንባብ በዓላቱ በየተራ መንፈስ ይዞታል ወደሚባል ቦታ ሄደው የሚከበሩ ናቸው፤ ዓላማቸውም ያንን ቦታ ለሰው ማስመለስ ነው።

ደብረ ብርሃን ራሷ የቆመችው በተአምር ትረካ ላይ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ ይላል ዜና መዋዕላቸው። ንጉሡም ፍርዳቸው በሰማይ እንደ ጸደቀላቸው ቆጥረው በዚያው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 (እ.ኤ.አ.) ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር አያይዘውታል። ለአፈ ታሪክ ተመራማሪ ከኮከቡ ይልቅ የሚገርመው፣ የተወገሩት ወገኖች ገድሎች ያንኑ ዘመን የሰማዕታት ዘመን አድርገው መዘከራቸው ነው። ከተማዋን የሰየመው ብርሃን ከመነሻው አከራካሪ ነበር ማለት ነው።

ንጉሡ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህችው ከተማ ነው፤ ያሳለፉት ግን በሰላም አይደለም። ዜና መዋዕሉ መተተኞችን እንደሚፈሩ፣ ካህናትም በግቢው ሌት ተቀን እየጸለዩ ጸበል ይረጩ እንደነበር ይነግረናል። ቸነፈር ገብቶ ሕዝብ ሲያልቅ ደግሞ ቤተ ቂርቆስን አሠሩ፤ ለሕፃኑ ሰማዕት በተሰጠው ቃል ኪዳን መሠረት ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ቸነፈር አይገባም ተብሎ ይታመናልና። ምእመናን ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዳቸውን በክንዳቸው ላይ ጽፈው እንዲይዙ ያዘዙትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር የዘመን መቁጠሪያውን በበዓል ሞሉት። የእመቤታችን በዓላት 33 ሆኑ፤ የጌታ ልደትም በዓመት አንዴ ብቻ ሳይሆን በየወሩ በ29 እንዲታሰብ ተደነገገ። በስማቸው የሚጠራው መጽሐፈ ሚላድ ለዚሁ ወርኃዊ በዓል የሚነበቡ ድርሳናት ስብስብ ነው። ለጠንቋይ የሚተርፍ ባዶ ቀን እንዳይኖር የተደረገ ይመስለኛል።

ጠንቋዩ ግን ቀን አላጣም። ክራፕፍ በአንኮበር የሰማው ይህንኑ ያሳያል። ዛሮቹ 88 ናቸው፣ በሁለት ወገን ተከፍለዋል፣ አንዱ ወገን ማማ ለሚባል ሌላው ወረር ለሚባል አለቃ ያድራል፣ እያንዳንዱ አለቃም 44 ዛር ያዛል ተብሎ ተነግሮታል። ይህን አኃዝ እንደ ተራ ወሬ ማለፍ አይገባም። «አለቃ» የደብር ማዕረግ ነው። 44 ደግሞ በጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» እንደሚባለው የሙላት ቁጥር ነው። የአንኮበር ሰው ስውሩን ዓለም የቆጠረው አድባራትን በሚቆጥርበት አቆጣጠር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሊያጠፉት የተነሱት ነገር የቤተ ክህነትን ሥርዓት ተውሶ ተደራጅቶ ተገኘ።

ዛር ከየት መጣ ለሚለው የሚሰጠው መልስ በሰፊው ይታወቃል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ ዓይን እንዳይበላባት ፈርታ 15ቱን፣ በጣም ያማሩትን፣ ደበቀቻቸው። እሱም የተደበቁት እንደ ተደበቁ ይቅሩ አለ። ዛር እንግዲህ የሰው ወንድም ነው፤ ውርሱን የሚጠይቅ፣ የታየውን ወንድሙን የሚመቀኝ ነው። ይህ ታሪክ በዓለም አቀፉ የተረት ማውጫ 758ኛ ቁጥር የተሰጠው «የሔዋን ልዩ ልዩ ልጆች» የሚባለው ተረት ዘመድ ነው። በአይስላንድም ይተረካል፤ በዚያ ግን ሔዋን የደበቀችው ገና ያልታጠቡትንና የቆሸሹትን ነው። የአይስላንድ ስውር ሕዝቦች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ቤት ይለውጣሉ ስለሚባል ሰው መብራት አብርቶ መንገድ ይለቅላቸው ነበር። ያ የውርጭ አገር ነው፤ የእኛም ደጋ የውርጭ አገር ነው። በሁለቱም ዘንድ ከብርድ ወራት በዓል ጋር የተያያዘው የተሰወረ ዘመድ እንጂ ሙት አይደለም። ልዩነቱ እናቲቱ ባፈረችበትና በሳሳችበት ልጅ መካከል ነው፤ የሸዋዋ ሔዋን የሳሳች እናት ናት።

የሞተ ሰው ተመልሶ ይጎበኛል የሚል ወሬ በአገራችን ጭራሽ የለም አልልም። ዋናው የትረካ መስመር ግን እሱ አይደለም፤ ሙት ፍትሐትና ተዝካር አለው፣ በ40 ቀኑ ጉዳዩ ይያዝለታል። ይህን ለማየት ጎንቾን ማሰብ ይበቃል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ሃሪስ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ የሸዋ ነገሥታት የገዛ ዘመዶቻቸውን በጎንቾ እስር ቤት ያኖሩ እንደነበር ጽፏል። በስኮትላንድ ቢሆን ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ «የታሰረው ልዑል መንፈስ» ወደሚዞርበት ክፍል ይወርድ ነበር። በሸዋ ትረካ ግን ቦታ የሚከብደው ሰው ስለሞተበት ሳይሆን ሰው ስለለቀቀው ነው። ኦና ቤት፣ የፈረሰ ግቢ፣ አመድ መድፊያ፣ የወንዝ እቅፍ፣ የትልቅ ዛፍ ጥላ፣ እነዚህ ባለቤት አላቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአምኃ ኢየሱስ መናገሻ የሆነችው አንኮበር፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከዞሩ በኋላ ግቢዋ ፍራሽ ሆኖ ቀረ። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣ ጉም በሚሸፍነው በዚያ ኮረብታ ላይ የሚፈራ ሰው የሚፈራው ንጉሡን አይደለም፤ ከንጉሡ በኋላ የገባውን ነው።

ሰዓቱም ከአውሮፓው የተለየ ነው። አስፈሪው ሰዓት እኩለ ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ቀትርም ነው። በመዝሙረ ዳዊት የተጠቀሰው የቀትር ጋኔን በቤት እናቶች አፍ ሕያው ነው፤ ልጅ በቀትር ወንዝ እንዳይወርድ፣ አራስ ብቻዋን እንዳትተው የሚከለክለው እሱ ነው። በውርጭ ሌሊት ሁሉም በርኖሱን ተከናንቦ እሳት ዳር ነው። እረኛ ብቻውን ሜዳ ላይ የሚውለው በቀን ነውና ፍርሃቱም እሱን ተከትሎ ወጣ ቢባል ያስኬዳል።

  

አሁን ወደ በዓላቱ። ኅዳር 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ከተማው በጢስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ይህን ልማድ ብዙ ሰው የሚያያይዘው በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገሪቱን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ ዓለምን ካዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ጋር ማለት ነው። ቀኑን ያተመው ያ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል። ድርጊቱ ግን ከወረርሽኙ የሚያረጅ አመክንዮ አለው። በሽታ በመንፈስ ይመጣል፣ መንፈስ በቆሻሻና በአመድ ላይ ይቀመጣል፣ ጢስም መንፈስን ያስነሳል፤ ከዛር ቤት እስከ ቅዳሴ ያለ ዕጣን የሚጀመር ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ ልጅ እንዳይረግጠው የሚባለው ክምር በዚያ ቀን በሰው እጅ ይነካል፣ ይነዳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቸነፈርን በቤተ ቂርቆስ የተከላከለችው ደብረ ብርሃን ዛሬ በየደጁ በሚነድ እሳት ትከላከላለች።

ገና በአንጻሩ ቀላል ነው። እረኞች የልደቱን ብሥራት ሰምተው በበትራቸው ተጫወቱ የሚለው ትረካ፣ አዝመራ የተነሳለት ሜዳ፣ ጌታና ሎሌ የሚጋፉበት ጨዋታ፤ መንፈስ የሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ነው። የሚገባው በጓዳ በኩል ነው። የዓውደ ዓመት ዶሮ ሲመረጥ ቀይ ይሁን ገብስማ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የወጥ ጉዳይ አይደለም፤ የዛር ጉዳይም ይሆናል፤ ሰባኪያንም ይህን ስለሚያውቁ በየዓመቱ ያወግዙታል።

ጥምቀት ግን ወደ ዋናው ይዞታ፣ ወደ ውሃው ይወርዳል። ታቦታት ከዋዜማው ወርደው ውሃ ዳር እንዲያድሩ ያዘዙት ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው የሚል ትውፊት አለ። ሌላ ጊዜ ሰው የሚሸሸው የወንዝ ዳር ሌሊት በዝማሬ ይታደራል። በምንጃር ሸንኮራ በኢራንቡቲ የሚሰበሰቡት ታቦታት 44 ናቸው፤ የክራፕፍ መረጃ ሰጪዎች ለእያንዳንዱ የዛር አለቃ የሰጡት ቁጥር። ታሪካዊ ዝምድና አለው ለማለት አልደፍርም፤ የሙላት ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

ውሃው ከበዓሉ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። በሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ በጻድቃኔ ማርያም ጸበል ላይ ካህኑ ታማሚዋን የያዘውን መንፈስ ስሙንና ነገዱን፣ ቀጥሎም የት እንደ ያዛት ይጠይቀዋል። መልሱ ቦታ ነው፦ ከወንዝ ዳር፣ ከአመድ ላይ፣ በቀትር፣ ከእንዲህ ያለ ዛፍ ሥር። ከበው የቆሙት ምእመናን ይሰማሉ፤ ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱም የቦታውን ስም ይዘው ይሄዳሉ። የሚፈሩ ቦታዎች ዝርዝር በየጊዜው የሚታደሰው በዚህ መንገድ ነውና፣ የሰሜን ሸዋን የመንፈስ ትረካ የሚሰበስብ ተመራማሪ ከአንኮበር ፍራሽ አስቀድሞ መቅረጸ ድምፁን ይዞ መውረድ ያለበት ወደ ጸበሉ ነው።