ካሜራው ያላየው ሌሊት

የአገራችን የጥንት ፎቶግራፎች ሲገለጡ ሁልጊዜ ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ ቀን ነው፤ መኳንንቱ ካባ ደርበው ሲቆሙ ቀን ነው፤ ገበያውም፣ ሠራዊቱም፣ ባቡሩም በቀን ነው። ሌሊት የለም። ነገር ግን የቡሄና የዘመን መለወጫ ችቦ የሚቀጣጠለው ጀንበር ከገባች በኋላ ነው፤ የደመራውም ነበልባል የሚደምቀው ሲመሽ ነው። ታዲያ እሳት ከበዓሉ ተለይቶ የማያውቅ ሕዝብ የአያቶቹን ሌሊት በምስል የማያገኘው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ የምኖርባት ከተማ አዳማ ናት። አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ስለሆነች፣ በበዓል ዋዜማ ከአንዱ ከፍታ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከየሰፈሩ የሚተኮሰው ርችት አንጋጥጦ የሚያዩት ሳይሆን ከዓይን ትይዩ የሚፈነዳ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም መብራቱን በከተማው መብራት ላይ ጨምሮበታል። ወጣቶች ስልካቸውን እያነሡ ይህን ሁሉ ያስቀራሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ቆሜ ሳነሣ፣ ከእኛ በፊት በሌላ ተራራ ላይ ስለበራ ሌላ እሳት ማሰቤ አልቀረም።

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ያህል፣ የባሩድም የርችትም አገሩ ቻይና ነው። ቻይናውያን ለበዓል ያስወነጨፉት እሳት ውሎ አድሮ የጦር መሣሪያ ሆነ። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የማይሶር ገዢዎች ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን በብረት ቀፎ የታሸገ ሮኬት ሠርተው በሕንድ ምድር እንግሊዞችን ወጉበት። እንግሊዞችም ከተመቱበት መሣሪያ ተማሩ፤ ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለው ሰው አሻሽሎ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ አደረገው። ርችትና ሮኬት እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሠርግ ቤት ሄደ፣ ሌላው ወደ ጦር ሜዳ።

ያ የጦር ሜዳው ወንድም ወደ እኛ ተራራ የመጣው ከቦምቤይ በተነሣው በጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ አምባ ግርጌ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ውጊያው አመሻሹ ላይ ተጀምሮ እስኪጨልም ቆየ። ከእንግሊዝ ወገን የባሕር ኃይሉ ጓድ ሮኬት ተኮሰ። በሣር ክዳን ቤቶች የተሞላው አምባ ከላይ ሆኖ ይህን የሚወነጨፍ እሳት ተመለከተ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች 700 ያህል ሞቱ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቀው በዚያ ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሚያዝያ 10 ደግሞ እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉት።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ዘመቻ ካሜራ አልጠፋም። የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ሳጂን ጆን ሃሮልድ የሚባል ሰው የሚመራው የፎቶግራፍ ክፍል ይዞ መጥቷል። ተራሮቹን፣ አምባውን፣ የተፈቱትን እስረኞች አንሥተዋል። ይሁን እንጂ እኔ ካየኋቸው የዘመቻው ፎቶግራፎች በአንዱም ላይ ነበልባል የለም። እሳቱን ያስቀሩልን ብዕርና የሠዓሊ እጅ ናቸው።

ምክንያቱ ቸልተኝነት አልነበረም፤ መሣሪያው ራሱ የቀን መሣሪያ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው መስተዋቱን ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ በጨለማ ድንኳን ውስጥ የብር ጨው ውስጥ ይነክረዋል፤ ከዚያ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ከቶ ያነሣበታል፤ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። በደማቅ ፀሐይ እንኳ ሰው ለሰኮንዶች ሳይንቀሳቀስ መቆም ነበረበት። በጨለማ ሽው ብሎ የሚያልፍ ሮኬት ለእንዲህ ዓይነቱ መስተዋት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ስለዚህ በታሪካችን ውስጥ አንድ የሚያሳዝን አለመመጣጠን ቀረ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። የልጁን ያዘነ ፊት ዛሬም እናየዋለን፤ የአባቱ ቤት የነደደበትን እሳት ግን አናየውም። ውጤቱን አውቀን መንስኤውን በወሬ ብቻ የምናውቅ ሆነን ቀረን።

ከ20 ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ በጀርመን አገር የማግኒዥየም ብልጭታ ዱቄት ተፈለሰፈ። ይህ ዱቄት ከርችት ወገን ነው፤ ሲለኮስ ቦግ ብሎ ነጭ ጭስ ይተፋል። የሰው ልጅ ሌሊቱን ፎቶግራፍ ለማንሣት በቅድሚያ ትንሽ ርችት መተኮስ ነበረበት ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ብልጭታ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመን ፊት ቢያበራ እንጂ ደመራ የከበበን ሕዝብ አያበራም። በዚያም ላይ ካሜራው በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያቆዩልን ሥራ ታላቅ ነው፤ ሆኖም ቤተ መንግሥት የሚፈልገው የክብር ምስል ነው፤ የክብር ምስል ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል።

ዛሬ ያ መከልከያ ሁሉ ተነሥቷል። ርችት ለማንሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ የብርሃን ስሜቱ ወደ 100 ዝቅ ይላል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ወደ 8 ወይም 11 ይጠባል፤ መዝጊያው ከሁለት እስከ አራት ሰኮንድ ክፍት ይቆያል። በዚያ ጊዜ የእሳቱ ፍንጣሪ የሄደበትን መንገድ ራሱ በራሱ ይስላል። ቀዩ የስትሮንሺየም፣ አረንጓዴው የባሪየም፣ ሰማያዊው የመዳብ ነው። ጠላቱ ጭስ ነው። በዚህ በኩል የአዳማ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. 51፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ነፋሱ ስለሚታመን ነው። ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ጭሱ ከፊቱ ይጠረግለታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእጅ ሙያው አይደለም። አብዛኛው የምናነሣው ምስል ጥቁር ሰማይና የፈነዳ ቀለም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ምስል የአዳማ ይሁን የቤጂንግ፣ የዘንድሮ ይሁን የዛሬ አሥር ዓመት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ሊለየው አይችልም። ርችት በየትም አገር ርችት ነው። አገሩን የሚነግረን ከሥሩ ያለው ነው፤ የኮረብታው ጠርዝ፣ የቆርቆሮው ጣራ፣ የፋብሪካው መብራት፣ ነጠላ የለበሰችው እናት፣ ጆሮውን በሁለት እጁ የደፈነው ሕፃን።

ስለዚህ ለወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን የምለው ይህ ነው። ካሜራችሁን ከሰማይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ የምስሉን ሲሶ ለምድሩ ተዉለት። ከርችቱ አንድ ጊዜ ፊታችሁን መልሳችሁ በብርሃኑ የደመቁትን ፊቶች አንሡ። ከዚያም ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሰፈሩን ስም ጻፉበት፤ በስልክ ውስጥ ብቻ አትተዉት፤ አሳትማችሁ ለቤተሰብም ለቤተ መጻሕፍትም ስጡ። በመቅደላ ዘመን ሌሊታችን ያለ ምስክር ያለፈው መሣሪያ ስላልነበረን ነው። የዛሬው ሌሊት እንደዚያ ቢያልፍ ግን በመሣሪያ ማሳበብ አንችልም።