የመለኪያው ስሕተት በተለኪው ላይ ሲታሰብ

አንድ መለኪያ ከመታመኑ በፊት በምን እንደ ተስተካከለ መጠየቅ የመሐንዲስ የመጀመሪያ ልማድ ነው። የልጆችን አንደበት ለመለካት በተነሡት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ግን ይህ ጥያቄ ተገቢውን ክብደት ያገኘው ዘግይቶ ነው። የመዘግየቱን ዕዳ የከፈሉት ደግሞ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የነበሩ ጥቁር ልጆች ናቸው።

የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ለረጅም ጊዜ የትክክለኛ ንግግር ሚዛን ሆኖ ያገለገለው የተማረው ነጭ ኅብረተሰብ እንግሊዝኛ ነበር። በ1959 የወጣው የፒቦዲ የሥዕልና የቃላት ፈተና ለዚህ ምስክር ነው። ፈታኙ ቃል ይጠራል፤ ልጁ ከአራት ሥዕሎች አንዱን ያመለክታል፤ ውጤቱም ከእኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል። እኩዮች የተባሉት ግን በቴኔሲ ግዛት በናሽቪልና በአካባቢዋ የተፈተኑ 4,012 ልጆችና ወጣቶች ሲሆኑ ሁሉም ነጮች ነበሩ። በአንድ ከተማ የተስተካከለው ሚዛን በአገሩ ሁሉ ዞሮ ሲመዝን፣ ጉድለቱ በእህሉ ላይ ተቈጠረ።

የጥቁር አሜሪካውያን ዘዬ ሕግ አልባ የሆነ የተሰባበረ እንግሊዝኛ አለመሆኑን ዊልያም ላቦቭ በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ ሃርለም ባካሄዱት ጥናት አሳይተዋል። ተናጋሪው «ሂ ወርኪንግ» ሲል ሰውየው አሁን በሥራ ላይ ነው ማለቱ ነው፤ «ሂ ቢ ወርኪንግ» ሲል ግን መሥራት ልማዱ ነው ማለቱ ነው። ይህን ረቂቅ ልዩነት የማያውቅ ፈታኝ ሁለቱንም በሰዋስው ስሕተትነት ይመዘግባል። ልጁ ጥርስን «ቱፍ» ብሎ ሲጠራም፣ ወላጆቹና ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲሁ እንደሚሉ ሳይጠየቅ፣ የአነጋገር እክል አለበት ይባላል።

ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው በሚሺጋን ነው። በአን አርበር ከተማ በማርቲን ሉተር ኪንግ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩ በነበሩ ጥቁር ልጆች ስም በ1977 ክስ ተመሠረተ። ዳኛ ቻርልስ ጆይነር በ1979 በሰጡት ብያኔ ዘዬው በራሱ እንቅፋት ነው አላሉም፤ እንቅፋት የሆነው መምህራኑ ለልጆቹ የቤት ቋንቋ የነበራቸው ሳይታወቃቸው ያደረ አመለካከት ነው። ስለዚህም የትምህርት ቦርዱ መምህራኑ ዘዬውን ለይተው የሚያውቁበትንና ንባብ ለማስተማር የሚጠቀሙበትን ዕቅድ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ አዘዙ።

በሙያው ውስጥ ያሉት ጥቁር ባለሙያዎች ከ1968 ጀምሮ ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር፤ በ1978ም የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ነባሩ ማኅበር በ1983 ባወጣው መግለጫ ማናቸውም የእንግሊዝኛ ዘዬ እክል እንዳልሆነ በይፋ ተቀበለ። መደበኛውን እንግሊዝኛ መማር የፈለገ ሰው ሊረዳ ይችላል፤ እንደ በሽተኛ ግን አይቈጠርም።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ስሕተትም ቀላል አይደለም። በእርግጥ የሚንተባተብን ወይም ቋንቋ የዘገየበትን ልጅ «ዘዬው ነው» ብሎ ማሰናበት እርዳታ መንፈግ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሲመረመር ይህ ችግር ጎልቶ ይታያል። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ልጁ የሚጠብቀውን ቢያላላ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ጆሮው አይለየውም። በአንጻሩ በአማርኛ የሌለውን፣ ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ልጁ «ስ» ቢለው መርማሪው ፈጥኖ ይመዘግበዋል። የሰለጠነ መርማሪ ግን መዝገቡን ከመሙላቱ በፊት አስተርጓሚ ይጠራና እናቲቱን፣ ልጅዎ በአማርኛ ሲናገር ወንድሞቹና እኩዮቹ ያለ ችግር ይረዱታል ወይ ብሎ ይጠይቃል።