ቁልቋል፦ የአባይ በረሃ ዛፍ


ከብቸናና ከሞጣ ደጋ ተነስቶ ወደ አባይ የሚወርድ መንገደኛ የጤፍ ማሳውን ጨርሶ ቆላ ሲገባ፣ ሰዉ «አባይ በረሃ» የሚለው ሸለቆ ይቀበለዋል። ነገሩን በመጽሐፍ ሚዛን ለለካው በረሃ አይባልም፤ ክረምት ላይ ይዘንባል። በጋው ግን ረጅምና ሐሩር ነው፤ ቀጥ ያለው ገደልም የዘነበለትን ውሃ አያቆይም።

ቁልቋል ለዚህ ኑሮ የተሰናዳው ከውስጥ ነው። ቅጠል የሚሠራውን ሥራ ለአረንጓዴ ግንዱ ሰጥቷል። ጎድጎድ ያሉት ሸንተረሮቹ ውሃ ሲያገኙ ይነፋሉ፣ ሲጠሙ ይሰበሰባሉ። ብዙ ዕፅዋት በቀን የሚከፍቷቸውን መተንፈሻ ቀዳዳዎች እሱ የሚከፍተው ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አሳድሮ ፀሐይ ስትወጣ ይሠራበታል።

ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባማ ክፉ ነው። ከብት ስለማይደፍረው ገበሬው ለአጥር ይተክለዋል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ቁልቋልን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በዓመቱ ጀርመናዊው ግመሊን «ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ብዙ ጎብኚ ካክተስ ይለዋል፤ አይፈረድበትም፣ መልኩ ያሳስታል። ዳሩ ግን ቁልቋል የጉሎ ዘመድ ነው። ካክተስ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ሲሆን፣ ሁለቱን ያመሳሰላቸው የዘር ትስስር ሳይሆን በየአህጉራቸው የገጠማቸው ድርቅ ነው። እውነተኛውን ካክተስ ማየት የፈለገ በለስን ይመልከት፤ እሱም ከአሜሪካ የመጣ ነው።