ጥቁርና ነጭ በሥዕል ትምህርት

በሆሳዕናም ሆነ በሐዲያና በከምባታ ሌሎች ከተሞች የሥዕል ክፍለ ጊዜ «ቀለም የለም» ተብሎ በሚታለፍበት ሰዓት፣ መምህሩ የቆመው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው፤ በእጁም ነጭ ጠመኔ ይዟል። እንግዲህ ጥያቄው ጥቁርና ነጭ ቀለሞች ናቸው ወይስ የቀለም እጦት ናቸው የሚለው ነው። መልሱን ከታሪክ መፈለግ ይገባል።

የብርሃን ሳይንስ ጥቁርን የብርሃን አለመኖር፣ ነጭን ደግሞ የኅብረ ቀለማት ድምር አድርጎ ያያቸዋል። ኒውተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1704 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ሆኗል። ሠዓሊው ግን የሚሠራው በቁስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. በፓሪስ «ጥቁር ቀለም ነው» በሚል ርእስ የሥዕል ትርኢት ቀርቦ ነበር። በፓሪስ እንደ አዋጅ የተነገረው ይህ ቃል ለእኛ ቋንቋ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ቀለም» ሲባል የጽሕፈት ቀለምም ነው፤ የተማረውም ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ከጥላሸትና ከከሰለ እህል አዘጋጅቶ ያብላላዋል፤ የብራናውን ንጣት ደግሞ ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ያገኘዋል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ሲውል፣ የመጽሐፉን ሸክም የሚሸከሙት ጥቁሩና ነጩ ናቸው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱ በሌላ መንገድ ክብር አግኝተዋል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሐምቡርግ ተወላጅ የነበሩት ሐንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ አጋማሽ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም በዚህ ጥበብ ስማቸው ታውቋል። በዚህ ሥራ ተማሪው ጣውላውን በመሮ ይፈለፍላል፤ የተፈለፈለው ነጭ፣ ሳይነካ የቀረው ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ ነጩ የተረሳ ባዶ ስፍራ ሳይሆን በእጅ የተሠራ ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠ እንጨት ተመልሶ አይቀጠልምና፣ ተማሪው ከመቁረጡ በፊት ማሰብን ይማራል።

የክፍላችን ጥቁር ሰሌዳም ከዚሁ ጣውላ ጋር የሚጋራው ባሕርይ አለው፤ በሁለቱም ላይ ሠዓሊው ከጨለማ ተነሥቶ ብርሃንን ያወጣልና። ለምሳሌ አንዲት ጀበና ከመስኮቱ አጠገብ ብትቀመጥ፣ ተማሪው በነጭ ወረቀት ላይ በከሰል ሲሥላት ጥላዋን ይፈልጋል፤ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲሥላት ግን ብርሃን ያረፈበትን ጎኗን ብቻ ይፈልጋል። ዕቃዋ አንዲት ስትሆን ትምህርቱ ሁለት ነው።

ልጁም ለዚህ ትምህርት ባዶ ዓይን ይዞ አይመጣም። ጭስ ያጠቆረውን የጎጆ ጣራ፣ ከእንሰት ተፍቆ የሚወጣውን ነጣ ያለ ቃጫ ከቤቱ ያውቃቸዋል። በጎረቤት ሀላባም የቤትን ግድግዳ በሥዕል ማስጌጥ የቆየ ልማድ ነው።

በእርግጥ ቀይና ቢጫ፣ ሰማያዊም አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም፤ መገኘታቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ እነርሱ እስኪገዙ ድረስ የሥዕሉ ሰዓት ከተሰረዘ፣ የሚጎዳው ቀለም ለመግዛት አቅም የሌለው ልጅ ነው፤ ተሰጥዖውንም ሳያውቀው ያድጋል። ጠመኔውና ከሰሉ በእጃችን ሳሉ ይህ እንዳይደርስ መጠበቅ የመምህሩ ኃላፊነት ነው።