በመውደቅ የሚደርስ የአከርካሪ አጥንት ስብራት በሐይቅና በአምባሰል

በመውደቅ የሚደርስ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሰው ከከፍታ ወይም ከቆመበት ሲወድቅ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የአከርካሪ አጥንቶች ተሰብረው ወይም ተጨፍልቀው የሚፈጠር ጉዳት ነው። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. 8.6 ሚሊዮን ያህል አዲስ የአከርካሪ ስብራቶች እንደ ደረሱ ገምቷል፤ ዋነኛው መንስኤም መውደቅ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

በደቡብ ወሎ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሐይቅ ዙሪያና በስተሰሜን በሚያዋስናት በአምባሰል ወረዳ ጉዳቱ ከገደላማው መሬትና ከገበሬው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

መንስኤዎች

የአምባሰል ገደል ማር ቆራጮች በሕዝብ ዘፈን የታወቁ ናቸው። አንዳንዶች የቦታውን ስም ራሱን «አምባ» ከሚለው ቃልና በዓረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» ጋር ያያይዙታል። ማር ቆራጩ በመጫኛ ታስሮ ከገደሉ አናት ቁልቁል ሲወርድ ሕይወቱ ያለው በገመዱና ከላይ ገመዱን በያዙት ሰዎች እጅ ነው። ስብራት ለማምጣት ግን ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግም። ለከብት ቅጠል የሚቆረጥበት ዛፍ፣ የሚጠገን የቤት ጣሪያ፣ በከተማ ደግሞ ከባሕር ዛፍ አጣና የሚሠራ የግንባታ መወጣጫ ይበቃል።

ከከፍታ የወደቀ ሰው በእግሩ ወይም በመቀመጫው ሲያርፍ ኃይሉ ወደ ላይ ተጉዞ ብዙ ጊዜ የሚሰብረው የደረት አከርካሪ ከወገብ አከርካሪ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። የደረቱ ክፍል ከጎድን አጥንቶች ጋር ስለተያያዘ ብዙም አይተጣጠፍም፤ የወገቡ ግን ይተጣጠፋል፤ ጫናውም በመገናኛቸው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከከፍታ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ሰው ወገቡም መመርመር አለበት።

በአረጋውያን፣ በተለይ በሴቶች፣ አጥንቱ በዕድሜ ስለሚሳሳ በቆሙበት መንሸራተት ብቻ ሊሰብረው ይችላል። እንዲህ ያለው ስብራት «የእርጅና ወገብ ሕመም» እየተባለ በቤት ስለሚቀር ከጤና ተቋም መዝገብ አይገባም። የአከርካሪ የሳንባ ነቀርሳም አጥንቱን አድክሞ በቀላል አወዳደቅ እንዲሰበር ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ያልተጎዳ ሰው በአነሳስ ጉድለት ብቻ ሽባ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች ከብብቱና ከጉልበቱ ይዘው ሲያነሡት፣ በጀርባ ሲታዘል ወይም በበቅሎ ሲጫን የተሰበረው አጥንት ይንቀሳቀሳል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሟችን ከመቅበር ሌላ በሽተኛንም በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ያደርሳል። ቃሬዛው ሳይረግብ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይም ሳንቃ ከተነጠፈበት፣ ለዚህ ጉዳት የሚስማማ መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን እንደያዘ ሌሎቹ ተጎጂውን እንደ ግንድ በአንድ ጊዜ አዙረው ያስተኙታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ወጌሻ በእጅና በእግር ወለምታ ሰው የሚያምነው ባለሙያ ነው። የወደቀን ሰው አከርካሪ ማሸት ወይም መጎተት ግን አደገኛ ነው፤ እግሩ የደነዘዘ ወይም ሽንት እንቢ ያለው ሰው ከሆነ የበለጠ ያሰጋል።

ሕክምናና ወጪ

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአምባሰል ዋና ከተማ ውጫሌ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የሁለቱም ወረዳዎች ሕሙማን የሚላኩት ወደ ደሴ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፎ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ነበር። ከዚያ የሚያልፍ ሕመምተኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድኑ የሕክምናን ዋጋ ያቀልላል፤ የአስታማሚን ስንቅና ማደሪያ ወይም ያመለጠን የእርሻ ወቅት ግን አይሸፍንም። አራሹ የተኛበት ቤተሰብ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ከብት ይሸጣል። ልጅም ከትምህርት ቤት ሊቀር ይችላል።

ከሆስፒታል በኋላ

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለሞት የሚዳርጉት በብዛት የመኝታ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ናቸው፤ ሁለቱንም በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ፣ ቆዳው በየቀኑ መታየት፣ ሽንቱም በንጹሕ ቱቦ በጊዜው መውጣት አለበት። ይህን ሥራ በቤት የሚሠሩት በአብዛኛው ሚስት፣ እናት ወይም ሴት ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ሥልጠናው ከሆስፒታል ሳይወጡ ለእነሱ መሰጠት አለበት። በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ ሆኖም ከዚያ የሚገኝ ተሽከርካሪ ወንበር በአምባሰል ዳገት ላይ ካለ ቤት ሲደርስ ከግቢ አልፎ ለመሄድ የሚያስችል መንገድ አያገኝም።