ጃንሆይና አማካይ ፍጥነት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የደረሱት ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ በመካከሉ 29 ቀን አለ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ብናካፍለው በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በሰዓት ሲሰላ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጤፍ የተጫነች የጎጃም አህያ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ታዲያ አገር በጉጉት የሚጠብቃቸው ንጉሥ እንዴት በአህያ ተቀደሙ?

ስሌቱ ስሕተት የለበትም። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የተጻፈልን ይኸው ነው፤ አማካይ ፍጥነት የተጓዙት ርቀት ለፈጀው ጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ነው። መንገደኛው ምሳ በላ፣ ጎማ ፈነዳበት፣ ወይስ ሰው አስቆመው ብሎ ቀመሩ አይጠይቅም። «ቬሎሲቲ» የሚባለው ደግሞ አቅጣጫን ይጨምራል፤ የሚቆጥረውም ጠመዝማዛውን መንገድ ሳይሆን ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ ያለውን ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አሞራ ቢበር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የጃንሆይ አማካይ ቬሎሲቲ በቀን 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። (ለክስ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ቀጠሮ ተለውጦበት ደብረ ማርቆስ የተመለሰ ባላገር አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው። ይህን ያለ ፊዚክስም ያውቀዋል።)

ፊዚክስ ራሱ መፍትሔ አለው፤ ጊዜውን ቆራርጦ ማየት። ንጉሡ ጥር 12 ቀን በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ 76 ቀን ፈጅቷል። ያ ጉዞ በእውነትም አዝጋሚ ነበር፤ መኪኖቹ በገደልና በቁጥቋጦ ተያዙ፣ ከሱዳን የመጡት ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ፣ ጠላትም ከየምሽጉ በውጊያ መነቀል ነበረበት። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቅሎ እንኳ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በ10 ቀን ትገባለች። የቀሩት 19 ቀናት የት ሄዱ?

መልሱ ከመንገዱ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ነው። ንጉሡ ደብረ ማርቆስ በገቡበት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 28፣ በጄኔራል ካኒንግሃም የሚታዘዘው ጦር ከደቡብ መጥቶ ዋና ከተማዋን ያዘ። ጄኔራሉ ንጉሡ ከአርበኞቻቸው ጋር ቢገቡ በከተማዋ ባሉት ጣሊያኖች ላይ በቀል ይነሣል ብሎ ስለ ሰጋ፣ ይቆዩ ተባለ። ምክንያቱ ሐሰት ነበር አልልም። ነገር ግን እንግሊዞች ከጠላት የተያዘ ግዛት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበርና፣ በጎጃም ደጋ ላይ ያለፈችው እያንዳንዷ ቀን አገሪቱ የማን ናት የሚለውን ጥያቄ ታከብደው ነበር። ባለቤቱ በደጅ፣ እንግዳው በእልፍኝ!

«አክሰለሬሽን»ም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ የቬሎሲቲ ለውጥ ለፈጀው ጊዜ ሲካፈል ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው በአካሉ ያውቀዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በ10 ሴኮንድ ወደ 20 ቢቀንስ፣ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከፍጥነቱ 4 ይቀነሳል፤ ተሳፋሪውም ወደ ፊት ይወረወራል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ቢታጠፍ እንኳ አቅጣጫ ስለተለወጠ አክሰለሬሽን አለ፤ ጎረቤትህ ላይ የምትወድቀው ለዚህ ነው። ሆኖም አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ ቆሞ ተነሥቶ አዲስ አበባ ስለሚቆም፣ የጉዞው አማካይ አክሰለሬሽን ዜሮ ነው። ያ ሁሉ ፍሬንና ማርሽ፣ ያ ሁሉ «እመብርሃን» በወረቀት ላይ የለም።

ጃንሆይም ከቆሙበት ተነሡ፤ ዓባይን ተሻግረው፣ በእንጦጦ በኩል ወርደው ገቡ። ሚያዝያ 27፣ ማርሻል ባዶሊዮ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ልክ አምስት ዓመት የሞላበት ቀን ነበር።